ጧፍ የፈሰሰበት ራውተር

ሰውዬው ዘግይቷል።

ተስፋው ቡሬ መናኸሪያ ጥግ ካለችው ጭማቂ ቤት ተቀምጦ የአቮካዶ ጭማቂውን በማንኪያ ያማስላል እንጂ አይጠጣም። እግሩ ሥር ሽንኩርት የሞላ ፌስታል አለ። ከሽንኩርቱ በታች ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ አለች። በካርዷ ላይ የአንድ ቤት የወር ገመና ተጭኗል። አባወራው ለማን እንደደወለ፣ ምን እንደጻፈ፣ ሚስቱ የጨቅላ ሆድ ቁርጠት በምን እንደሚሻል ኢንተርኔት ላይ ደጋግማ እንደጠየቀች ሳይቀር።

የሆድ ቁርጠቷ ነገር ከሁሉ ይልቅ ታሳፍረው ነበር።

ቡኒ ኮፍያ ያደረገ ጎረምሳ በበሩ አለፈ። ተመልሶም አለፈ።

ደግሞ ካለፈ መነሳት ነው። ሕጉ እንደዚያ ነው።

ጎረምሳው ደግሞ አላለፈም። በእሱ ፈንታ ደልደል ያለ፣ የበርበሬ ነጋዴ የሚመስል ሰው ገባና ሳያስፈቅድ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ሽንኩርቱ የፍኖተ ሰላም ነው?»

«የጅጋ ነው። ግን ውሃ ይዟል።»

«ውሃ የያዘማ አይበጀኝም» አለ ሰውዬው፤ ፌስታሉን ግን በእግሩ ወደራሱ ሳበው።

ሞፈር ማለት ይኸው ነው። በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ወግ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በስውር የሚሠራ ሁሉ ስሙ ከእርሻ ዕቃ የተቀዳ ነው። አለቃው ሞፈር፣ እሱ ደግሞ እርፍ። ስሞቹን ያወጣው ሰው በሕይወቱ አንድ ትልም እንዳላረሰ ግልጽ ነው፤ ቢያርስማ ኖሮ እርፍ ሁልጊዜ በሰው እጅ እንደሚገፋ አስቦ ሌላ ነገር ይመርጥ ነበር። ተስፋውም ቢሆን እውነተኛ ስሙ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ላይ የሞባይልና የራውተር ጥገና ሱቅ እንዲከፍት ሲላክ አብሮ የተሰጠው ነው። ሌላ ስም ስለማናውቅለት እኛም በዚሁ እንጥራው።

ሞፈር ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ዚፑን ከፈተ። ውስጡ ሁለት ነጫጭ ራውተሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል። መልካቸው አንድ፣ ከታች የተለጠፈው ወረቀታቸው አንድ። አንዱን አውጥቶ በጠረጴዛው ሥር ሰጠው።

«ይኼን ሰውዬው ቤት ካለው ጋር ቀይረው። ከአሮጌው ይልቅ የሚያልፍበትን ሁሉ ይሰማል።»

«ሌላውስ?»

«ለመጠባበቂያ።» ዚፑ ተዘጋ። «ሰውዬው እንዴት ነው?»

ሰውዬው ገነነ ይባላል። ቡሬ ካለው የመድኃኒት መጋዘን የጭነት መኪናዎችን የሚያሰማራው እሱ ነው። ከዚያ መጋዘን የሚወጡ መኪናዎች መንገድ ላይ እየተጠበቁ መዘረፍ ከጀመሩ ሰንብተዋል። የስኳር ሕመምተኛው፣ የደም ግፊት ያለበት ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። መኪናው መቼ እንደሚወጣ ለዘራፊዎቹ የሚነግር አንድ ሰው አለ። ሞፈር ጣቱን የቀሰረው ገነነ ላይ ነበር።

«አበልጅ ሁነኝ አለኝ» አለ ተስፋው። «ልጁን ክርስትና እንዳነሳለት።»

ሞፈር ከልቡ ሳቀ። «ተባረክ! ከዚህ በላይ ምን መጠጋት አለ? እሺ በለዋ!»

«ክርስትና እኮ ነው።»

«እና? ሥራ ነው።»

ተስፋው ነጩን ሳጥን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ደጅ ለደጅ የተሰጣውን ቀይ በርበሬ እያየ ሄደ። እሺ እንደሚል ያውቅ ነበር። ሁልጊዜም እሺ ይላል።

ከገነነ ጋር የተዋወቁት በራውተር ነው፤ ያውም በተበላሸ። የመጀመሪያውን ብልሽት የሠራው ራሱ ተስፋው ነበር። ራውተሩን ለገነነ የሸጠለት እሱ፣ ከሱቁ ሆኖ እንዲቆም ያደረገውም እሱ፣ «ምነው ቆመብኝ» ሲባል መሣሪያውን አንጠልጥሎ ቤቱ የገባውም እሱ። በሰው ቤት የሚገባበት ቁልፉ ይኸው ነው። ሠራው፣ ተመሰገነ፣ ምሳ በላ።

ሁለተኛውን ብልሽት ግን እሱ አልሠራውም። ያናደደውም ይኸው ነው።

ራውተሩ እንዳሻው ይሠራል፤ እንዳሻው ይሞታል። ተስፋው ሲም ካርዱን አውጥቶ ጠርጎ መለሰ። ኤፒኤን የሚባለውን የኔትወርክ መግቢያ እንደገና ጻፈ። የቆርቆሮው ጣራ ሞገዱን ይዞት ይሆናል ብሎ ከቁም ሣጥኑ አናት ወደ መስኮቱ አዛወረው። የገነነ እናት እትየ ንግሥቴ አቧራ እንዳይነካው ብለው የደረቡበትን ዳንቴል «ይሞቀዋል» ብሎ ገለጠለት። በመጨረሻ በመርፌ ጫፍ ተጭኖ ከፋብሪካ እንደወጣ አደረገው። ለጥቂት ቀን ሠራ። ከዚያ ደግሞ ጸጥ። ተስፋው ተመልሶ ሲመጣ ራውተሩ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተመልሷል፤ ዳንቴሉም ተደርቦበታል።

አንድ ቀን ሠርክ ሲቃረብ፣ ገነነ ገና ቡሬ በሥራ ላይ እያለ ተስፋው ሳይጠሩት መጣ። እትየ ንግሥቴን ከቁም ሣጥኑ ኋላ እጃቸውን ሰደው፣ ጎንበስ ብለው፣ የራውተሩን ገመድ ከሶኬት ሲነቅሉ ደረሰባቸው።

«እትየ! አንቱ ነዎት የሚነቅሉት?»

ቀና አሉ። የተያዘ ሌባ አልመሰሉም።

«ነገ እኮ ሚካኤል ነው።»

«እና?»

«እና ይረፋ! በሬው ሳይቀር ቀንበሩ ወርዶለት ያርፋል። ይኼ ምን በደለና ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ፣ ሚካኤል የለ፣ ዓይኑን እያፈጠጠ የሚውለው? ሠርክ ሲደርስ ነቅዬ እሸፍነዋለሁ፤ በዓሉ ሲወጣ እመልሰዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለልጄ እንዳትነግርብኝ። ቴሌቪዥኑን ብነቅልበት ተቆጥቶኛል።»

ተስፋው ከት ብሎ ሳቀ። ፍኖተ ሰላም ከመጣ ወዲህ ሳያስብበት የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ለገነነም «ቅዳሜና በዓል በዓል ቀን ኔትወርኩ ይጨናነቃል» አለው። ገነነ አመነው፤ የባለሙያ ቃል ነዋ!

ይህን ነገር ለሞፈር በላከው ሪፖርት ላይ አላሰፈረውም። ስለ ጨቅላው የሆድ ቁርጠት የጻፈ እጅ ስለ አሮጊቷ ለመጻፍ ለምን እንዳፈረ ራሱም አያውቅም። ብቻ አልጻፈውም።

ከቡሬ ያመጣውን አዲሱን ሳጥን በአሮጌው ቦታ ተከለው። ማንም አላወቀም።

ልጁ አርባ ቀን የሚሞላው እሑድ ነበር። ቅዳሜ ተስፋው ከጠዋት ጀምሮ እነገነነ ቤት ድንኳን ሲያስወጥር፣ አግዳሚ ሲሸከም ዋለ። ሰብሊ፣ የገነነ ሚስት፣ ሕፃኑን ታቅፋ ከጓዳ ብቅ እያለች «ኧረ አበልጅ፣ እህል ይቅመሱ እንጂ» ትለዋለች። እትየ ንግሥቴ ከቁም ሣጥኑ በላይ በተሰቀለው የሚካኤል ሥዕል ፊት ጧፍ አብርተው ቆመዋል። ራውተሩ ከዓርብ ሠርክ ጀምሮ ተነቅሎ፣ ዳንቴሉን ለብሶ ከሥዕሉ ሥር ተኝቷል። ዳንቴሉን ሊያቀኑ ሲገልጡት ጧፉ ዘንበል አለና ራውተሩ ላይ ፈሰሰ።

«ውይ! አበላሸሁት!»

ተስፋው ቀረብ ብሎ አየው። የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ሰም ነጩ ክዳን ላይ ደርቃለች።

«ግድ የለዎትም እትየ። ይህ አይጎዳውም።»

«በል ተወው። የሚካኤል ነው፤ ይጠብቀዋል» አሉና ሸፈኑት።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ሕፃኑን ካሳቀፉት በኋላ ጠየቁት።

«የክርስትና ስምህ ማን ነው?»

«ኃይለ ጊዮርጊስ።»

ዓይኑን ሳያሽ ነው ያለው። የተሰጠው ወረቀት ላይ ስሙ ተስፋው፣ የትውልድ ቦታው ፈረስ ቤት ይላል፤ የክርስትና ስም ግን ማንም አላሰበበትም። ከመንገድ ላይ እንዳገኘ አንስቶ ሰጣቸው። ቄሱም ተቀበሉት። ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙረው በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን አስካዱት።

«እክሕደከ ሰይጣን በል።»

«እክሕደከ ሰይጣን።»

«ከነተንኮልህ፣ ከነሐሰትህ ሁሉ በል።»

አለ። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ተስፋው ብዙ ዋሽቷል፤ ለፖሊስ ዋሽቷል፣ ለወደዳት ሴት ዋሽቷል። በዋሸ ሰዓት እንዲህ ፊቱ የጋለበት ቀን ግን አልነበረም። ክንዱ ላይ ያለው ራቁት ሕፃን የከበደው እሱ ሊይዘው እንደማይገባው ስለገባው ነው።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ።

ቅዳሴው ወጥቶ ማተቡ ከታሰረ በኋላ ጥግ ይዞ አነበበው። የሞፈር መልእክት ነው፦ «ትናንት ሽንኩርቱ ተዘርፏል። ነገ እንገናኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ወሬው በሌላ በኩል ቀድሞ ገብቷል። መኪናው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከቡሬ ወጥቶ መንገድ ላይ ተመትቷል። ሾፌሩ እጅጉ አልቆመም ብሎ ተኩሰው ገድለውታል። ገነነ ስልኩን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ ቅዳሜ ውጣ ያልሁት» አለ። «ለክርስትናው እንዲደርስ ብየ። እኔ ነኝ የላክሁት!»

እንደ ልጅ አለቀሰ። ተስፋው ብዙ አስመሳዮች አይቷል፤ እሱ ራሱም አንዱ ነው። ይህ ማስመሰል አልነበረም።

ሰኞ ሞፈር መኪናውን ከከተማው ወጣ ብሎ በበቆሎ ማሳ ዳር አቁሞ ጠበቀው። ስልኩን አቀበለው። ስክሪኑ ላይ አንድ አጭር መልእክት አለ፦ የመኪናው ታርጋ፣ የወጣበት ሰዓት።

«ከሳጥኑ የወጣ ነው» አለ ሞፈር። «ከዚያ ቤት። አበልጅህ አለቀለት።»

«መቼ ወጣ?»

«ቅዳሜ ጠዋት። የሳጥኑ መለያ ቁጥር ከነሰዓቱ ተመዝግቧል። ራስህ የተከልከው ነው፣ እየው።»

አየው። ቁጥሩ ትክክል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት።

ቅዳሜ ጠዋት ያ ሳጥን ገመዱ ተነቅሎ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ሰም ተንጠባጥቦበት ተኝቶ ነበር። ሊናገር አይችልም። ታዲያ በእሱ ቁጥር የተናገረው ማን ነው? ተስፋው የጭማቂ ቤቱን ጠረጴዛ አስታወሰ። ሁለት ነጫጭ ሳጥኖች፣ ወረቀታቸው አንድ።

ለመጠባበቂያ።

ቁጥሩ ተገልብጦ መንትያ የተሠራለት ሳጥን ሞፈር ቦርሳ ውስጥ ነው። የመኪናዎቹን መውጫ የሚሸጠው ሞፈር ነው። ገነነ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእሱ ፈንታ እንዲታሰር የተዘጋጀ ሰው ነው። ያዘጋጀው ማነው ቢባል፣ ራውተሩን ተክሎ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ልጁን አቅፎ ያዘጋጀው ተስፋው ነው።

ፊቱን አልለወጠም። ይህን ተምሯል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ነገ ራውተሩን ከነሰውዬው ወደ ቡሬ አምጣልኝ። ይቀየርልሃል፣ መታወቂያህን ይዘህ አብረኸኝ ና በለው። ከቡሬ መለስ ብሎ የወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ጋ እንይዘዋለን።» ሞፈር ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ጎበዝ ልጅ ነህ።»

ተስፋው ወደ ሱቁ ተመልሶ ገና ከመግባቱ ወደ ጎረቤት ሱቅ ዞረ። ግድግዳ የሚጋሩት ፈሂማ የምትባል ነጋዴ ናት፤ ጨርቅም የስልክ ዕቃም ትሸጣለች። በመጣበት ቀን ባሕር ዳር ያለው ትልቁ አለቃ፣ ድግር የሚሉት፣ በጆሮው አንድ ነገር ነግሮት ነበር፦ «ከሞፈር ጋር ያለው መስመር ከተበላሸ ብቻ ቀንበርን ጥራ።» ቀንበር ያለችው እዚህ ሱቅ ነው። ሞፈር አያውቃትም። ተስፋውም ሰላም ከማለት በቀር ነክቷት አያውቅም።

«ፈሂማ፣ የጥንቱ ኖኪያ ቻርጀር፣ ያ ቀጭኑ አለሽ?»

ጨርቅ የምትለካበት እጇ ቆመ።

«ለማን ነው?»

«ለእናቴ።»

«እናትህ አመማት?»

«በጠና።»

ፈሂማ ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ተስፋው ሁሉንም ነገራት። ራውተሩ መብራት ያገኘበትንና ያጣበትን ሰዓት በሆዱ ይመዘግባል፤ ከሞፈር ከተለየ በኋላ እነገነነ ቤት ጎራ ብሎ ያን በስልኩ ፎቶ አንሥቶታል። ከዓርብ ሠርክ እስከ እሑድ ማታ ጭለማ ነው። ፈሂማ ፎቶውን ተቀብላ አየችው።

«ይህ ብቻውን አይበቃም» አለች። «የአሮጊት ወግ ነው ይልሃል። መንትያው ሳጥን እጁ ላይ መገኘት አለበት። ከጠረጠረ ወንዝ ውስጥ ይወረውረዋል።»

«ነገ ይዞት ይመጣል። ሳጥኖቹን ሊቀያይራቸው ነው፤ መልእክቱን የላከው የገነነ ሆኖ እንዲገኝ።»

«እንግዲያው ነገ ይቀይር። ድግር ከሰዎቹ ጋር ይደርሳል።»

«ገነነን አሳልፌ ልስጠው ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ልንገረው? ለራሱ ብቻ?»

ፈሂማ ራሷን ነቀነቀች። «ገነነን እኔም አውቀዋለሁ። የሆዱ ሁሉ ፊቱ ላይ ነው። ካወቀ ሁላችሁንም ያስበላል። አላህ ይሁነው።» በሩን እየከፈተችለት ደግሞ፣ «አንተንም» አለችው።

ማክሰኞ ገነነ ራውተሩን በራሱ እጅ ይዞ ወጣ። በሰብሊ ሻርፕ ጠቅልሎታል፤ እንዳይጫጫር። ሚኒባሱ ውስጥ ስለ እጅጉ ልጆች አወራ። ማኅበርተኛው ሁሉ ተባብሮ ሊደግፋቸው እንደተነጋገረ፣ የአበልጁንም ስም እንዳስያዘ ነገረው።

«ያለ አንተ አይሆንም ብያለሁ» አለ። «ዘመዳችን ሆነህ የለ?»

ተስፋው በመስኮት አየ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ለመቀመጥ ወንበሩ እሾህ ሆነበት። ንገረው፣ ንገረው እያለ ልቡ ደበደበው። አልነገረውም።

ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ጋ ወረዱ።

ቡኒ ኮፍያ ያደረገው ጎረምሳ ከግንቡ ኋላ ወጣ። ሽጉጥ ይዟል።

«እጅህን!»

ገነነ መጀመሪያ የዞረው ወደ ተስፋው ነው። ከኋላው ሊከልለው እጁን ዘረጋ።

«እሱን ልቀቁት!» አለ። «የሰው አገር ሰው ነው፤ ምንም አያውቅም! ፈልጋችሁ ከሆነ እኔን!»

ያቺን ቃል ተስፋው እስከ ዛሬ ይሰማታል።

ሞፈር ከመኪናው ቀስ ብሎ ወረደ። ሻርፑን ፈታ፣ ራውተሩን ወሰደ፣ ወደ ቦርሳው ከተተ፣ መንትያውን አወጣና በሻርፑ መልሶ ጠቀለለው። ገነነ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ይህን ሁሉ አየ፤ ምን እንደሚሠራ ግን አልገባውም።

አሁን እነድግር መድረስ አለባቸው።

አልደረሱም።

«ለማን ነበር የምትልከው?» አለ ሞፈር።

«ምኑን?»

ጎረምሳው በሽጉጡ ቂጥ ፊቱን መታው። ገነነ ተንበረከከ። ተስፋው አንድ እርምጃ ተራመደ። ሞፈር ቀና ብሎ አየው።

«ምነው እርፍ? አበልጅነቱ ጸናብህ?»

እርፍ። ገነነ በአንድ ዓይኑ፣ በደም መሐል፣ ወደ ተስፋው ተመለከተ። የማያውቀውን ስም ሲጠሩት፣ አበልጁም ዝም ሲል ሰማ። ቀስ ብሎ ገባው። ፊቱ ላይ ነው እኮ ሁሉም።

ተስፋው ሽጉጡ ፊት ቢገባ ሞፈር ይነቃል፤ ከነቃ ሳጥኑ ይጠፋል፤ ከጠፋ ገነነ ዕድሜ ልኩን ይታሰራል። ይህን ሁሉ ያውቃል። ዐውቆም ቆመ። ጎረምሳው ደግሞ መታው።

ከዚያ መኪናዎቹ መጡ።

ከወዲያም ከወዲህም መንገዱን ዘጉት። ድግር አጭር፣ ሽበታም ሰው ነው፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወረደ። ሞፈር ቀልጠፍ ብሎ ሰላምታ ሰጠ።

«ጌታዬ፣ እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ። መልእክቱ የወጣበት ሳጥን ይኸው፤ ከእጁ ነው የወሰድኩት።»

ድግር ሻርፑን ፈታ። ሳጥኑን አገላበጠ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ፏ ያለ ነው።

«እርፍ» አለ። «ያንተ ነው?»

«አይደለም» አለ ተስፋው። «እዚያ ቤት ያለው ጧፍ የፈሰሰበት ነው። እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነቅለው ሚካኤል ሥር ያኖሩታል። ቦርሳውን ክፈቱት።»

ሞፈር ወደ ቦርሳው ሄደ። አልቀደማቸውም። ከፈቱት። ቁጥሩ ያው፣ ወረቀቱ ያው፣ ክዳኑ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ሰም።

ሞፈር ሰሙን አይቶ ተስፋውን አየ። «ሪፖርትህ ላይ ይኼ የለም» አለ፤ እንደ ተበደለ ሰው።

«የለም» አለ ተስፋው።

ገነነ በነጻ ወጣ። የዘራፊዎቹ ሰንሰለት ተበጠሰ፤ የመድኃኒት መኪናዎች ያለ ሥጋት ይሄዳሉ። ድግር በስልክ «ግሩም ሥራ» አለው። ግራ ዓይኑ ግን አልተረፈም፤ የገነነ። ተስፋው ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄዶ ነበር። ሰብሊ ከሩቅ አየችው፤ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዙራ ጀርባዋን ሰጠችው።

ሱቁን እንዲዘጋ ታዘዘ። እኩለ ቀን ላይ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ ሲከት እትየ ንግሥቴ በር ላይ ቆመው አገኛቸው። ከወንበሩ ተነሣላቸው። አልተቀመጡም።

«ስምህ ተስፋው አይደለም አሉ።»

«አይደለም፣ እትየ።»

«ኃይለ ጊዮርጊስስ?»

ካርቶኑን አየ።

«አይደለም።»

«እንግዲያ ያን ልጅ ለማን ነው የሰጠሁት?» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ በተሻለው።

ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትየ። አፍሬያለሁ። የምገባበት ጠፍቶኛል።»

«አልልህም። ልጄ ዓይኑን አጥቷል፤ ይቅር የሚልህ እሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ስምህ በቤቱ እንዳይነሣ ብሏል። እኔ ለአንተ አልመጣሁም።» ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙ። «ለልጁ ነው የመጣሁት። ቄሱ ዘንድ ያለው ስም የማንም ስም አይደለም። የክርስትና አባቱ ማን ነው ሲባል ልጁ ምን ይበል? ሰይጣንን ማን ካደለት? በል፣ እውነተኛውን የክርስትና ስምህን ንገረኝ።»

መሥሪያ ቤቱ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፦ እውነተኛ ስም አይሰጥም። ለእስር ቢሆን፣ ለሞት ቢሆን። መሥሪያ ቤቱ የጫማውን ቁጥር ያውቃል፣ የደሙን ዓይነት ያውቃል። የክርስትና ስሙን ግን እናቱ ከሞተች ወዲህ ከቄሱ በቀር ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር።

ተነሣ። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ ነገራቸው።

እትየ ንግሥቴ እንዳይረሱት በከንፈራቸው ብቻ ደገሙት።

«ከእኔና ከቄሱ አያልፍም» አሉ። ሌላ ምንም አላሉትም። ምርቃትም፣ እርግማንም። ወጥተው በፀሐዩ ሄዱ።

ፈሂማ ከሱቋ በር ላይ አውቶቡሱ እስኪሄድ አየችው፤ እጇን ግን አላነሣችም። ደንቡ ነው።

ዛሬ አንድ ሩቅ ከተማ ውስጥ ሌላ ስም ያለው ሰው ራውተር ይጠግናል። ሲም ያጸዳል፣ ኤፒኤን ያስተካክላል፣ «ከቆርቆሮው አርቁት» ይላል። ማንም አያውቀውም፤ ወደ ማንም ቤት አይገባም። ምሳ ቢጋብዙት ሰበብ ይፈጥራል። በሚካኤል ዕለት ግን ሱቁን ይዘጋል፣ ሁሉንም ገመድ ይነቅላል። ደንበኞቹ ለምን ብለው ሲጠይቁት ቀና ብሎ ሳያያቸው፣ «ኔትወርኩ ይጨናነቃል» ይላቸዋል።